አጎቴ የሚተዋት የውሃ ክር

ኩባንያውን በዓይኑ ያየ ሰው በሰፈራችን የለም። አጎቴን ግን ሁሉም ያየዋል። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው፤ እኔም ይህን የምተርከው ሆዴ ስለተቃጠለ እንጂ የሚለወጥ ነገር ኖሮ አይደለም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ውሃ መዝጋት ነው። ሂሳቡን ያልከፈለ ቤት ሲገኝ ኩባንያው የቤቱን ቁጥር በስልክ ይልክለታል፤ እሱም ከወገቡ በላይ የሚደርስ፣ አናቱ ላይ እንደ መስቀያ ግራና ቀኝ እጀታ ያለው የብረት ቁልፉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። በየቤቱ ደጃፍ፣ መሬት ውስጥ፣ ክዳን ያላት ትንሽ ጉድጓድ አለች። መዝጊያው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ክዳኗን ያነሳል፣ ቁልፉን ያስገባል፣ ያዞራል፣ ውሃው ይቆማል። ልጆች ከሩቅ ሲያዩት «ባለ ቁልፉ መጣ!» እያሉ ወደየቤታቸው ይሮጣሉ። እናቶች ድስት ሳይቀር ያላቸውን ዕቃ ሁሉ ቧንቧ ስር ይደረድራሉ።

ኩባንያው ሳይመጣ ውሃው የከተማው ነበር። ያኔም ውሃ ይጠፋል፤ መዋሸት አልወድም። ግን የሚሰደብ ሰው ነበር። አንዲት መስኮት ነበረች፤ ከመስኮቷ ጀርባ አንድ መነጽራም ሰውዬ ይቀመጣል። ሰው ተሰልፎ ይሄድና ይጮህበታል፣ እሱም መልሶ ይጮሃል፣ ከዚያ ሁሉም ትንሽ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ኩባንያው ውሃችንን ሲገዛ ከሁሉ በፊት የዘጋው ያችን መስኮት ነው። በምትኩ የስልክ ቁጥር ሰጠን። ሲደወል ሙዚቃ ይሰማል። ሙዚቃው ባይከፋም ሰው በሙዚቃ ላይ እንዴት ይጮሃል? እና የሰፈሩ ንዴት ሁሉ መሄጃ ሲያጣ፣ የኩባንያውን ምልክት ጀርባው ላይ ለጥፎ፣ ቢጫ ጃኬት ለብሶ፣ በእግሩ የሚዞረው አጎቴ ላይ አረፈ።

የክሯ ነገር የተጀመረው በእማማ ቤት ነው። እማማ መንገዳችን ጥግ ላይ ባለችው ቤት፣ አልጋ ላይ ከዋሉ ባላቸው ጋር ይኖራሉ። አጎቴን በልጅነቱ ንፍጡን የጠረጉለት ሴት ናቸው። የሳቸው ቤት በስልኩ የመጣለት ቀን እግሩን እየጎተተ ሄዶ ዘጋ። እማማ አልተሳደቡም፣ አላለቀሱም። ቧንቧው ስር የነበረውን ባልዲ አነሱና በአፉ ደፍተው ቁጭ አሉበት። ሌላ ምንም አላደረጉም።

አጎቴ መንገዱን አጋምሶ ተመለሰ። አንጀቱ አልችል አለው። ቁልፉን መልሶ አስገባና የጣት ስፋት ያህል ብቻ ወደ ኋላ አዞረው። ከቧንቧው እንደ ክር የቀጠነች ውሃ፣ ድምፅ የሌላት፣ መውረድ ጀመረች። የኩባንያው ቆጣሪ እንዲህ የቀጠነ ውሃ አይሰማውም፤ ንቅንቅ አይልም። በክሯ ባልዲ ለመሙላት ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው፤ ቢሆንም ይሞላል።

«እማማ፣ አደራዎን፣ ማንም እንዳይሰማ» አላቸው። «መንገድ ላይ ሲያገኙኝም እንዳያመሰግኑኝ። ይስደቡኝ።»

«ምን ብዬ ልስደብህ ልጄ?»

«እርስዎ ስድብ ይቸግርዎታል? ልጆች ሳለን መስኮት ስንሰብር የሚሰድቡንን ይስደቡኝ።»

ከዚያ ወዲያ አጎቴ ጥርቅም አድርጎ የዘጋው ቤት የለም። ለአንዱ ራርቶ ለሌላው መጨከን አልሆነለትም፤ ለሁሉም ክር ተወ። ለሁሉም የሚናገረው ያንኑ ነው፤ አታመስግኑኝ፣ ስደቡኝ። እያንዳንዱ ቤት ለሱ ብቻ የተደረገለት እየመሰለው አፉን ቆለፈ፤ በየደጃፉ ግን የስድብ ውድድር ተጀመረ። እማማን የሚወዳደር አልተገኘም። አጎቴ ገና ጥጉን ሲታጠፍ በራቸው ላይ ይቆማሉ።

«አንተ የውሃ ቀበኛ! ጉሮሮህ እንደ ቧንቧዬ ይድረቅ! ያንን ብረት ያስውጥህ! ከነዝገቱ ያስውጥህ!» ይሉና አጠገባቸው ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?» ይሉታል።

ያኔ እኔ ፀጉር ሥራ ስማር እነሱ ቤት ነበርኩ። ማታ ሲገባ የአጎቴ ሚስት፣ እትዬ የምላት፣ ጃኬቱን እየተቀበለች «ዛሬስ ምን አሉህ?» ትለዋለች። እሱ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ የቀኑን ስድብ ይዘረግፍልናል። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ስድብ ሁልጊዜ ያጥራል፤ «ስድቡ ልብ የለውም፣ በመርፌ ጠቅ እንደማድረግ ነው» ይላል አጎቴ። የእማማን ሲደርስ እትዬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። በዚያች ቤት እንደዚያ የተሳቀበት ዘመን የለም።

ችግሩ፣ ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው። ልብስ ሰፊው እማማ ሲራገሙ ሲሰማ የምራቸውን ይመስለዋል። «ለካ እኝህን ምስኪን ጭራሽ ዘግቶባቸዋል» ይላል በሆዱ። እማማም ልብስ ሰፊው ሲሳደብ ይሰሙና «ለኔ ራርቶ ለሱ ጨክኖ ይሆን?» ይላሉ። ውሃቸው ተዘግቶ የማያውቅ ሰዎች ደግሞ ስድቡን እንዳለ ይወስዱታል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሰፈሩ በየቤቱ የሚወደውን ሰው በመንገድ ላይ ሲሰድብ ከርሞ መጥላት ተማረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ከሁሉ መጨረሻ የሰማው እሱ ነው።

ከሰፈራችን በላይ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ላይ ሣራቸው ክረምት ከበጋ አረንጓዴ የሆኑ፣ መዋኛ ገንዳ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ ከነሱ ወዲያ ኩባንያው ውሃ በጠርሙስ የሚያሽግበት ፋብሪካ አለ። ወደዚያ የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ የሚያልፈው በኛ መንገድ ስር ነው። ልጆች ሆነን ጆሯችንን መሬት ላይ ለጥፈን ሲያጉረመርም እንሰማው ነበር። እዚያ መስመር ላይ ክዳን ያላት ጉድጓድ የለችም፤ የአጎቴ ቁልፍ የሚገባበት ቦታ አልተሠራለትም። ጠርሙሱ ግን ተመልሶ ወደኛ ይመጣል፤ ሱቁ በር ላይ ተደርድሮ፣ የንጹሕ ተራራ ሥዕል ተለጥፎበት።

በዚያ ዓመት ውሃ ተወደደ። ኩባንያው ጭማሪውን «የታሪፍ ማስተካከያ» ብሎ ጠራው። ምኑ ጠሞ እንደተቃና ያወቀ ሰው አላጋጠመኝም። ስልኩ ላይ የሚመጣው ቤት በዛ፣ አጎቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያዞር ትከሻው ላይ የቁልፉ ልክ ሰምበር ሆኖ ወጣ። ስድቡም መልኩን ቀየረ። እትዬ ገበያ ሄዳ ሰላም ስትል ፊቱን የሚያዞር ሰው መጣ። አንድ ጠዋት የግቢያችን በር ላይ በምስማር «ሌባ» ተብሎ ተቧጭሮ አገኘነው። አጎቴ ቀለም ገዝቶ ቀባው፤ ከቀለሙ ስር ግን ይነበባል።

«ይኼም ጨዋታ ነው?» አለችው እትዬ።

«እኔም መለየት አቅቶኛል» አለ።

«ንገራቸው። ሰብስብና ለሁሉም ባንድ ላይ ንገራቸው። ማን ምን እንዳደረገላቸው ይወቁ።»

«ከነገርኳቸው ኩባንያው ይሰማል። ኩባንያው ከሰማ ክሯ ተበጠሰች።»

«ስምህስ?»

«ስም ታጥቦ ይለበሳል፤ ውሃ ካለ» አለና ሊስቅ ሞከረ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። አጎቴ በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ በተወለደበት ሰፈር ባዳ ሆኖ መኖር። ሲሞት ተሸክመው የሚያወጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። አሁን እነዚያው ሰዎች ሲያልፍ ይተፋሉ።

ሮሮው ሲበዛ ኩባንያው ስብሰባ ጠራ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በአጫጭር የተማሪ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተቀመጥን። ከረባት ያሰረ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ፊቱ ደስ የሚል ሰው ማይክራፎን ይዞ ቆመ። ከፊቱ አንድ ጠርሙስ ውሃ አለ። «ውድ ደንበኞቻችን፣ እኛ የእናንተ አገልጋዮች ነን» አለ። አጎቴ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ፣ ጃኬቱን እንደለበሰ ቆሟል።

ሰዉ ስለ ዋጋው መጠየቅ ነበረበት። ለዚያ ነው የመጣነው። አንድ ሁለት ሰውም ጀምሮ ነበር፤ ከረባታሙ ሰውዬ ስለ ዓለም ገበያና ስለ መለዋወጫ ዕቃ እያለሰለሰ ሲመልስ ግን ከንፈራቸውን መጠው ተቀመጡ። ምን ይሉታል? እንደዚያ ዓይነት ሰው ላይ መጮህ ያሳፍራል። ያኔ ልብስ ሰፊው ተነሳና ጣቱን ወደ በሩ ቀሰረ።

«ጌታዬ፣ እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ። የሚያቃጥለን ይኼ ሰውዬ ነው! ለጉርሻ ይከፍታል፣ ጉርሻ ለሌለው ይዘጋል!»

አዳራሹ ተቀጣጠለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ከዚህም ከዚያም «ልክ ነው! ይነሳልን!» ተባለ። ልብስ ሰፊው ቤት ክሯ እየወረደች እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ ክፋት አይመስለኝም። ሌላው ሁሉ የሚሳደበው የምሩን መስሎት፣ ዝም ካልኩ ይነቃብኛል ብሎ ነው። አጎቴ ጃኬቱን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ።

እማማ መቋቋም አቃታቸው። ወንበሩን ተደግፈው ተነሱ።

«በቃ! በቃችሁ!» አሉ። «ምነው፣ ፈጣሪን አትፈሩም? ይኼ ልጅ አንድም ቀን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶብኝ አያውቅም! ሰው አይይብኝ እያለ ክር ይተውልኛል! በዚያች ክር ነው ባሌን የማጥበው! እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ስሰድበው የኖርኩት እሱ ስደቢኝ ብሎኝ ነው!»

አጎቴ ዓይኑን ጨፈነ። ከረባታሙ ሰውዬ ግን ፈገግ ብሎ፣ ማይክራፎኑን ራቅ አድርጎ፣ በጣም በአክብሮት ጠየቃቸው።

«እናቴ፣ ክር ማለት ምን ማለት ነው?»

እማማም አስረዱት። ሰው በአክብሮት ከጠየቃቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር፤ በኩራት፣ በእጃቸው ጭምር እያሳዩ፣ ጣታቸውን ወደ ኋላ ትንሽ አዙረው አስረዱት። ካፍ ከወጣ አፋፍ። ከረባታሙ «አመሰግናለሁ እናቴ» አለና ጠርሙሱን ከፍቶ ጠጣ።

በማግስቱ ጃኬቱንና ቁልፉን ተቀበሉት። በሳምንቱ ደግሞ የኩባንያው መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ በመንገዳችን አለፈ። ታሪፉ እንደገና እንደተስተካከለ፣ ምክንያቱም አንድ እምነት ያጎደለ ሠራተኛ ለዓመታት ውሃ ሲያባክን በመኖሩ ኪሳራ እንደደረሰ፣ ድርጅቱም በዚህ ከልብ እንደሚያዝን ተነገረን። የለፋፊዋ ድምፅ የሚያሳዝን ነበር፤ እውነት ያዘነች ነው የሚመስለው።

እና ሰዉ አመነ! ይኼ ነው እስከዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ። አንዲት ደንበኛዬ ፀጉር ልትሠራ መጥታ፣ ጭንቅላቷን ሳፋው ላይ አጋድማ፣ በጣሳ እየቆጠብኩ ሳጥባት «ጉድ አልሰማሽም?» አለችኝ። «ለካ ውሃ የተወደደው ባጎትሽ ነው።»

«ኮረብታው ላይ ያለው መዋኛ ገንዳስ?» አልኳት።

«እነሱማ ከፍለው ነው።»

«አንቺስ? እናንተ ቤትም ክር ነበረች እኮ።»

«የኛ ምን አላት!» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች። «ጠብታ ናት። የጨረሱት ሌሎቹ ናቸው።»

ስንቱን እንደጠየቅኩ አላስታውስም፤ መልሱ ያው ነው። ከክሯ ያልጠጣ የለም፣ ያባከነው ግን ሌላው ነው፣ ያስበላን ደግሞ አጎቴ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ክሯን የተወው ሊያስቀጣን ነው ብሎ አረፈው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሲባል እሰማ ነበር፤ ጠጠሩ ቤታችን ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ነው የገባኝ።

አዲስ ባለ ቁልፍ መጣ። የሌላ ሰፈር ሰው ነው፤ ጫማ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ አጥቶ የተቀጠረ፣ ዕድሜው ካጎቴ የማይርቅ ጎልማሳ። ከኋላው በሞተር የሚከተል ተቆጣጣሪ ተመድቦለታል። ክሮቹ ሁሉ ቤት በቤት ተዘጉ። እማማ ጄሪካን ተሸክመው ወንዙ ድረስ መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ሲመለሱ ጄሪካኑን በራችን ላይ አስቀምጠው ገቡና አጎቴ እግር ላይ ሊወድቁ አጎነበሱ። ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

«ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት» አሉ። «ላነሳህ ብዬ ቀበርኩህ።»

«እማማ፣ እውነት ነው የተናገሩት። ጥፋት የለብዎትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

«አንዴ ይስደቡኝ፤ ናፍቆኛል» አላቸው።

እማማ ቀና አሉ። «አንተ የውሃ…» ብለው ጀመሩ። መጨረስ አልቻሉም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ፤ አጎቴም ጄሪካኑን ተሸክሞ ቤታቸው አደረሰላቸው። ሲመለስ ሁለት ቤት በሩን ጓ አድርጎ ዘጋበት።

ደሞዝ የሌለው ሰው ሂሳብ አይከፍልም። የኛም ቤት ተራው ደረሰ። አዲሱ ባለ ቁልፍ ሲመጣ ሰዉ ከየቤቱ ወጣ፤ እንዲህ ዓይነቱን ቀን ማን ያልፈዋል? ተቆጣጣሪው ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ራቅ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ሰውዬው ክዳኗን አነሳ፣ ቁልፉን አስገባ፣ ታገለ። መዝጊያው አልንቀሳቀስ አለው። ተዘግቶ ስለማያውቅ ዝጎ ነበር።

አጎቴ በነጠላ ጫማ ወጣ። እኔም ተከትዬው ቆምኩ።

«ወንድሜ፣ አታስገድደው» አለ። «ከተሰበረ የመንገዱ ሁሉ ውሃ ይጠፋል። አምጣ፣ እኔ ላዙረው።»

ሰውዬው እንዳጎነበሰ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ትንሽ ልተውልህ?» አለው። «አንተ እንደምታደርገው። ተቆጣጣሪው አያይም።»

«ተቆጣጣሪው አያይም» አለ አጎቴ። «ሰፈሩ ግን ያያል። ተወው፣ ልጆች አሉህ።»

ከሰዉ መሀል «ምን ይንሾካሾካሉ? ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት እንጂ!» የሚል ድምፅ መጣ። ልብስ ሰፊው ነው። አጎቴ ቀና አላለም። እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ እያላላ ዝገቱን አስለቀቀው፤ ከዚያ አዞረ። ሌላ ጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ራሱ ቆመ፤ አየሁት። ከዚያ ብረቱ እስኪጮህ ድረስ እስከ መጨረሻው አዞረው። ቁልፉን በሱሪው ጠርጎ ለሰውዬው መለሰለት። ሰዉም የሚያየው ሲያልቅ ተበተነ።

ቤት ስንገባ እትዬ ጓዳ ነበረች፤ ለማየት አልወጣችም። አጎቴ ቧንቧው ስር የነበረውን ባልዲ አነሳና በአፉ ደፍቶ ቁጭ አለበት። እትዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ፊቱ ቆመች። ካፏ ያመለጣት የድሮው ነገር ነው።

«ዛሬስ ምን አሉህ?»

«ጥርቅም አድርገህ ዝጋ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«ዘጋሁት።»